ያልተሰማ ቁጥር እንዳይጻፍ

ይህ የምክር ደብዳቤ በጭሮ ከሚኖር ጡረተኛ የጤና ረዳት፣ የነርስነት ትምህርቷን ጨርሳ በድሬዳዋ ሥራ ልትጀምር ለተነሣችው ልጁ የተጻፈ ነው። ስለ ቤት ኪራይና ስለ ደመወዝ አያያዝ ሊባል የሚገባው ብዙ ቢሆንም፣ አባትን እንቅልፍ የነሣው ግን አንድ ጉዳይ ብቻ ሲሆን፣ እርሱም በሥራ የደከመ ባለሙያ በጆሮው ያልሰማውን የደም ግፊት ቁጥር በካርድ ላይ የማስፈር ልማድ ነው። ተገልጋይ በበዛበት ተቋም ሁሉ «120/80 በዪው፣ ሰልፉ ይለቅ» የሚል ባልደረባ አይጠፋም፤ ይህ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ክፉ ሳይሆን ተጫዋች፣ ለጋስና ሻይ ጋባዥ በመሆኑ፣ ምክሩ ከክፉ ሰው ምክር ይልቅ ቶሎ ይለመዳል።

የደም ግፊት ልብ ስትኮማተር ደሙ የደም ሥርን ግድግዳ የሚገፋበት ኃይል፣ ማለትም የላይኛው ቁጥር፣ እና ልብ በምታርፍበት ቅጽበት የሚቀረው ኃይል፣ ማለትም የታችኛው ቁጥር፣ በአንድነት የሚገለጹበት ልኬት ነው። በክንድ ላይ የሚጠመጠመው ካፍ ቀስ በቀስ ሲተነፍስ በማዳመጫ የሚሰማው የመጀመሪያው ምት የላይኛውን፣ ድምፁ የሚጠፋበት ነጥብ ደግሞ የታችኛውን የሚያመለክት መሆኑን ሩሲያዊው ሐኪም ኒኮላይ ኮሮትኮቭ በ1905 እ.ኤ.አ. ገልጿል። እንግዲህ በዚህ ዘዴ ቁጥሩ የሚገኘው በመስማት ስለሆነ፣ ያልተሰማ ቁጥር ልኬት ሊባል አይችልም። 138 የተሰማውን ወደ 140 ወይም ወደ 130 ማጠጋጋትም የዚሁ ልማድ ታናሽ ወንድም ነው፤ ተደጋግሞ የተገኘ 140/90 እና ከዚያ በላይ የሆነ ልኬት አንድን ሰው የዕድሜ ልክ መድኃኒት ሊያስጀምረው ስለሚችል፣ ሁለቱ ነጥቦች ቀላል አይደሉም።

በድሬዳዋ ይህን በትክክል መሥራት ከባድ መሆኑ አይካድም። በቆላማው የከተማዋ ሙቀት በቆዳ ሥር ያሉ የደም ሥሮች ስለሚሰፉ ግፊት ዝቅ ሊል ይችላል፤ በመሆኑም በግንቦትና በሰኔ ቁጥሩ የወረደለትን ታካሚ ድኗል ብሎ ከመድኃኒቱ ማላቀቅ አይገባም። በተቃራኒው በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለ አነቃቂ ንጥረ ነገር የልብ ምትንና ግፊትን ለጥቂት ሰዓታት ከፍ ስለሚያደርግ፣ ከሰዓት በኋላ ከበርጫ ተነሥቶ የመጣ ሰው ሳይወቀስ ተጠይቆ፣ መቃሙ በካርዱ ላይ ተመዝግቦ፣ ሳይቅም በሚውልበት ጠዋት እንዲመለስ ይቀጠራል። ሆኖም ልኬቱ 180/120 ደርሶ የደረት ሕመም፣ የዓይን ብዥታ ወይም የአንድ ወገን መዛል የታየበት ሰው የሚቀጠር ሳይሆን ወዲያውኑ ወደ ሐኪም የሚወሰድ ነው።

የቀረውን ልጅ በትምህርት ቤት ተምራዋለች፦ አምስት ደቂቃ ዕረፍት፣ የተደገፈ ጀርባ፣ ያልተጠላለፈ እግር፣ በልብ ትክክል ያረፈ ክንድ፣ ለክንዱ የሚመጥን ካፍ። ክንድ ከልብ በታች ከተንጠለጠለ ቁጥሩ ያለ በሽታ ይጨምራል፤ ታካሚው እያወራ ከተለካም እንዲሁ።

የአምቡላንስ ተራ ሲደርስ ግን ነገሩ ይለያል። በደንገጎ ጠመዝማዛ ዳገት ወደ ሐረር፣ ወደ ሕይወት ፋና ሆስፒታል በሚደረግ ጉዞ የሞተሩና የመንገዱ ድምፅ ማዳመጫውን ስለሚውጠው፣ የታካሚው ሁኔታ ከፈቀደ ሾፌሩ ለአንድ ደቂቃ ዳር እንዲይዝ ይጠየቃል፤ ካልፈቀደም በእጅ አንጓ ላይ ያለው ትርታ በጣት እየተዳሰሰ ካፉ ይነፋና ሲተነፍስ ትርታው የተመለሰበት ቁጥር እንደ ላይኛው ይያዛል። ይህ ዘዴ በማዳመጫ ከሚገኘው ጥቂት ዝቅ የማለት ጠባይ ስላለው «በዳሰሳ» ተብሎ ይጻፋል፤ የታችኛው ቁጥር ቦታም ባዶ ይቀራል። ባዶ ቦታ ለተቀባዩ ሐኪም ከልብ ወለድ ቁጥር እጅግ የተሻለ መረጃ ነው።

አባትም በወጣትነቱ ባቡር በ1902 እ.ኤ.አ. ሲደርስ በተቆረቆረችው በድሬዳዋ አገልግሏል፤ የለገሀሬን የባቡር ጩኸት፣ ከነፋሱ ጋር የሚመጣውን የደቻቱን አሸዋ፣ ማታ ማታ በከዚራ ዛፎች ሥር የሚደረገውን ሽርሽር ዛሬም አይረሳም። ሥራው ከወረዳ ወረዳ ሲያዞረው ልጅ ፊደል የቆጠረችው በእናቷ እጅ ብቻ መሆኑ እስካሁን ይቆጨዋል፤ ምናልባት ይህ ደብዳቤ የረዘመውም ያን ጊዜ ያልተባለው አሁን ስለሚባል ይሆናል። እግዚአብሔር መንገዷን ያቅናላት፤ ከክፉ ባልንጀራ፣ ከሌሊት አደጋ ይሰውራት፤ እጇን የፈውስ እጅ ያድርግላት። ውኃ በብዛት ትጠጣ፣ በሐምሌና በነሐሴ ከደቻቱ ወንዝ ዳር ቤት አትከራይ፤ የ1998 ዓ.ም. ጎርፍ ሌሊት ነበር የመጣው። እናቷም ስንቁን አዘጋጅታ መመረቋን አላቋረጠችም።

ልጅ በካርድ ላይ «አልተሰማም፣ ድጋሚ ይለካ» ብላ በመጻፏ የሚቆጣ አለቃ ቢገኝ፣ አባቷ ከእርሷ ጋር መሆኑን ትወቅ፤ ዳግመኛም ትለካ።