ሁለት ዳታቤዝ በአንድ ኮምፒውተር፦ የመድረሳችን መዝገብ የጠፋበት ቀን



ዛሬ የምናወጋችሁ የራሳችንን ጥፋት ነው። በመስጂዳችን መድረሳ ኮምፒውተር የምንነካው ጥቂት ወንድሞች ነን። ያደግነው ቂርአት ላይ ነው፤ ይህንን ሙያ ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረንም።

የደረሶቹ መዝገብ ደብተር ነበር። ክረምት ላይ ጣሪያው አፈሰሰበትና ግማሹ ደበዘዘ። ያን ጊዜ ዛምፕ የሚባለውን ነፃ ሶፍትዌር ጫንን፤ አፓቺን፣ ፒኤችፒንና ማሪያዲቢ የተባለውን ዳታቤዝ አንድ ላይ ጠቅልሎ ይመጣል። ሁለት ወር ሙሉ ከዒሻእ በኋላ እየተቀመጥን የልጁን ስም፣ የወላጁን ስልክ፣ የደረሰበትን ሱራ አስገባን። የደበዘዘውን ቤት ለቤት ዞረን ጠይቀን ሞላን። የቲሞቹን ለብቻ ምልክት አደረግንባቸው፤ የዒድ ልብስ የሚገዛላቸው በዚያ ዝርዝር ነውና።

(መጀመሪያ ላይ ስሞቹ በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆነው ነበር። ሠንጠረዡ ላቲን1 ተብሎ ተሠርቶ ኖሮ የእኛን ፊደል አያውቅም። ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ብለን እንደ አዲስ ስንሠራው አማርኛውም ዐረብኛውም ገባ።)

ከዚያ ከመካከላችን አንዱ ፕሮግራሚንግ መማር ጀመረ። ትምህርቱ ማይኤስኪዩኤልን ጫን ስላለው በዚያው ኮምፒውተር ላይ ጫነው። ሌላ ኮምፒውተር የለንምና አንፈርድበትም። በማግስቱ የዛምፑ ዳታቤዝ አልነሳ አለ። ቀይ ጽሑፍ ብቻ።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ ሁለቱም ካልቀየሯቸው በቀር 3306 የሚባለውን ፖርት ነው የሚጠቀሙት። ፖርት እንደ በር ነው፤ አንዱ ከቆመበት ሌላው አይገባም። አዲሱ የዊንዶውስ ሰርቪስ ሆኖ ስለተጫነ፣ ኮምፒውተሩ ገና ሲበራ ቀድሞ በሩን ይይዛል። የእኛ ዳታቤዝ ምንም አልሆነም፤ በር ብቻ ነበር ያጣው።

ያኔ ይህን አላወቅንም። «ተበላሽቷል» ብለን ዛምፕን አጠፋንና እንደገና ጫንነው። እሱም አልነሳም። የባሰው ግን መዝገባችን ያለው በዛምፑ ፎልደር ውስጥ መሆኑ ነበር፤ አብሮ ሄደ።

ለሸኻችን ስንነግራቸው ኮምፒውተሩን ዞር ብለውም አላዩት። «የየቲሞቹ እናቶች ጋ ደግሞ ማን ሄዶ ሊጠይቅ ነው?» አሉን። ሄድን። አንዷ እናት «ባለፈው ነግሬያችሁ አልነበር?» ስትለን መልስ አጣን።

አሁን አልሐምዱሊላህ ሁለቱም በአንድ ኮምፒውተር ላይ ይሠራሉ። የተማሪውን ማይኤስኪዩኤል አንስተን ስንጭነው ስለ ፖርት የሚጠይቀው ገጽ ላይ 3306ን ወደ 3307 ቀየርነው። ሰርቪሱንም ሲፈለግ ብቻ በእጅ እንዲነሳ አደረግነው። ልጁ በሚጽፈው ኮድ ላይ 3307 ማለት አለበት፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ረስቶት የመድረሳውን መዝገብ ሲያንኳኳ ይዘነዋል።

ከምንም በላይ፣ አንድ ነገር ከመጫናችን ወይም ከማጥፋታችን በፊት በፒኤችፒማይአድሚን ኤክስፖርት እናደርጋለን። ባንነካውም ሐሙስ ማታ ሐሙስ ማታ በሁለት ፍላሽ ይገለበጣል፤ አንዱ መስጂድ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ሌላው ከአንዳችን ቤት ይቀመጣል።

ሸኻችን ግን ደብተሩም ይጻፍ ብለዋል። እየጻፍን ነው።