እስቲ እናያለን

የክፍል ኃላፊ ሆኜ በተመደብኩበት ሳምንት፣ ብዙ አለቆች ሲመጡና ሲሄዱ ያዩ አንድ አንጋፋ አራሚ ወደ ጠረጴዛዬ ቀረብ ብለው፣ «ልጄ፣ ሰው ፈቃድ ሲጠይቅሽ እስቲ እናያለን አትበይው። የሚሆን ከሆነ ይሆናል፣ የማይሆን ከሆነ አይሆንም በይ። የከለከልሽው ይረሳልሻል፤ ያንጠለጠልሽው ግን ይቀየምሻል» አሉኝ። ምክራቸውን ተቀበልኩ። በሥራ ላይ ስለማዋሌም አብረውኝ የሚሠሩት አምስት ባልደረቦቼ የሚመሰክሩልኝ ይመስለኛል። ይህን ማለቴ ራሴን ለማመስገን እንዳልሆነ ግን አንባቢያን ከዚህ በታች ከምጽፈው ይረዱልኛል።

ባለፈው መስከረም ከባልደረቦቼ የአንዱ አባት አረፉ። በማለዳ ስልክ ሲደወልልኝ ቅጽ እስኪሞላ እንኳ አልጠበቅሁም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ወላጁ ለሞተበት ሠራተኛ ደመወዙ ሳይነካ የ3 ቀን ፈቃድ ይሰጠዋል፤ እኔ ከዓመት ፈቃዱ ላይ ጨምሬ ሳምንት እንዲሆንለት አደረግሁ። ገንዘብ አዋጥተን፣ ሚኒባስ ተከራይተን ለቅሶ ደረስን። ሥራውን ተከፋፍለን ሠራንለት፤ ጋዜጣውም በቀኑ ወጣ።

በጥቅምት መጀመሪያ ላይ ደግሞ ቤቴ የምትሠራው ልጅ አባት ሞቱ። አገሯ ከቡታጅራ ወዲያ ስለሆነ፣ መርዶው ከዘመድ ወደ ዘመድ ሲተላለፍ ቆይቶ የደረሳት ከተቀበሩ በ4ኛው ቀን ነበር። ወጥ ቤት ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። እኔም አብሬያት አልቅሻለሁ፤ ጥቁር ነጠላም ሰጥቻታለሁ፤ ጥቂት ብርም በእጇ አስጨብጫታለሁ። «ሂጂ» ግን አላልኳትም። «ምን ይደረግ፣ ቀብሩም አልፏል» ነበር ያልኳት። በማግስቱ ጠዋት የልጆቼ ምሳ ዕቃ እንደ ወትሮው ተሞልቶ በር ላይ ተቀምጧል።

አርባው ሲቃረብ ለተዝካሩ እንድትሄድ ጠየቀችኝ። ሁለት ሳምንት አስቀድማ፣ አንገቷን ደፋ አድርጋ፣ በሥርዓት ነው የጠየቀችኝ።

«እስቲ እናያለን» አልኳት።

ለምን እንዲያ እንዳልኩ ብዙ አስቤበታለሁ። ባለቤቴ አምሽቶ የሚገባ ሰው ነው፤ ትንሿ ልጄ 3 ዓመቷ ነው፤ በዚያ ላይ ሥራ የሚበዛብን ሰሞን ነበር። «አይሆንም» እንዳልል አባቷ ነው የሞተው። «እሺ» እንዳልል ደግሞ፣ እኔ በሰዓቱ ቢሮዬ ገብቼ ሰው የማስተዳድረው በዚች ልጅ ጉልበት መሆኑን ለራሴ ማመን ሊኖርብኝ ነው። ስለዚህ ቀኑን በቀን ላይ እያሳለፍኩ ዝም አልኩ።

ተዝካሩ ሁለት ቀን ሲቀረው ማለዳ ስነሳ ወጥ ቤቱ ጨለማ ነው። ሊጡ ተቦክቶ ተከድኗል፤ የልጆቹ የደንብ ልብስ ተተኩሶ ወንበር ላይ ተሰቅሏል። የበሩን ቁልፍ በራችን ላይ ላለው ባለሱቅ ትታለት ሄዳለች።

እንግዲህ ፈቃድ ጠያቂዋ እኔ ሆንኩ። አለቃዬ ምክንያቱን ሰምተው ሳይጨርሱ 4 ቀን ፈቀዱልኝ። ባለቤቴም አንድ ቀን ከሥራ ቀርቶ ልጆቹን ያዘ፤ ስለዚያች አንድ ቀን እስከ ዛሬ ድረስ ያወራል።

ልብስ እያጠብኩ ሒሳብ ያዝኩ። ልጅቷ እኔ ዘንድ 3 ዓመት ከ2 ወር ሠርታለች። በአዋጁ መሠረት አንድ ሠራተኛ በመጀመሪያው ዓመት እንኳ 16 የሥራ ቀን ያርፋል። አዋጁ ግን በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩትን አይመለከትም፤ የእነሱን ነገር ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ትቶታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አብራ የምትኖረውን ሠራተኛ ማደሪያ፣ ምግብ፣ የሥራና የዕረፍት ሰዓት በሚመለከት ጤንነቷ እንዲጠበቅ አሠሪውን ያዛል። ቤቴ ውስጥ ግን ቀን ቆጣሪዋ እኔ ነበርኩ። እኔ የሰጠኋት በየዓመቱ ለመስቀል አንድ ሳምንት ነው። ዘንድሮ ደግሞ ትንሿ ልጄ ታማብኝ፣ «ለገና ትሄጃለሽ» ብዬ አስቀርቻት ነበር። መስቀል ባለፈ በሳምንቱ ነው አባቷ የሞቱት።

ይህን እስከዚያ ቀን ድረስ አንዱን ከአንዱ አገናኝቼ አላሰብኩትም።

በ9ኛው ቀን ከአክስቷ ጋር መጣች። ልብሷንና የቀረ ደመወዟን ልትወስድ ነው። ግቡ ብላቸው እምቢ አሉ። አክስቲቱ በር ላይ እንደ ቆሙ፣ «ልጅቷ ጥፋት የለባትም፤ ጠይቃዎት ነበር» አሉኝ።

«አዎ፣ ጠይቃኝ ነበር» አልኩ። ይቅርታም ጠየቅሁ፤ እንድትመለስም ለመንኩ። ልጅቷ አንዲት ቃል አልመለሰችልኝም። ገንዘቧን ሰጥቻት ሄዱ።

ከሦስት ቀን በኋላ ብቻዋን ተመለሰች። ያን ማታ ከልጄ ደብተር አንድ ገጽ ገንጥዬ ጻፍኩ፦ እሑድ ሙሉ ቀን፣ በዓመት 16 ቀን፣ መስቀል የማይነካ፣ ለሐዘን ከመንገዱ ሌላ 3 ቀን። የማታ ትምህርት 5ኛ ክፍል ደርሳለችና ወረቀቱን ወደ መብራቱ አስጠግታ ቀስ ብላ አነበበችው። ጨርሳ እንደገና ከላይ ጀመረች።

«እትዬ፣ በእነዚህ ቀኖች ደመወዝ ይቆረጣል?»

«አይቆረጥም።»

«እሱ እዚህ ላይ አልተጻፈም» አለችኝ።

እስክሪብቶውን መልሼ አነሳሁ።