ከኮፈኖ ሥር ያለችው ማብሪያ

ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ

እህቴ ለሥራ የምትወጣው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ነው። አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ታገለግላለች፤ እሷ ካልደረሰች ሌሊቱን ስታስታምም ያደረችው ባልደረባዋ ወደ ልጆቿ መሄድ አትችልም። ልጠይቃት በመጣሁ በሦስተኛው ቀን ስልኬ ከዜሮ በታች 29 አሳየኝ፤ እነሱ በሚቆጥሩት በፋራናይት ከዜሮ በታች 20 መሆኑ ነው። ጋቢዬን ተከናንቤ በመስኮት ሳያት፣ መንገድ ዳር ባደረችው መኪናዋ መስተዋት ላይ የጠገረረውን በረዶ ትፍቃለች። ሞተሩን አስነስታ ቁልፉን ውስጥ ትታ ቁርሷን እንዳትበላ፣ ለመሞቅ የቆመ መኪና እየነዱ የሚሰወሩ ሌቦች አሉ፤ የከተማው ደንብም ቁልፍ ትቶ መሄድን ይከለክላል።

ይህ አገር በብርድ አይቀልድም። ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1996 ታወር በምትባል የሰሜን ሚኒሶታ ከተማ አቅራቢያ ከዜሮ በታች 51 ዲግሪ ሴልሺየስ ተመዝግቧል። እንዲህ ባለ ቀን የሞተር ዘይት እንደ ማር ይወፍራል፤ ሞተሪኖው ሞተሩን ለማሽከርከር ብዙ ጉልበት ይጠይቃል፤ ባትሪው ደግሞ በዚያው ሰዓት ጉልበቱ ይከዳዋል። ሰዉ መኪናን ከሩቅ የሚያስነሳ ሪሞት ስታርተር የሚያስገጥመው ለቅንጦት እንዳልሆነ የገባኝ እህቴ ጣቶቿን በሻይ ብርጭቆ ላይ ስታሞቅ ነው።

ባለቤቷ የእጅ ሥራ የሚወድ ሰው ነው። ልጅነቱን አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ጋራዦች ውስጥ ያሳለፈ፣ ካቻቢቴና ፒንሳ ከእጁ የማይለይ። ስታርተሩን የሚገጥም አንድ ቤት 400 ዶላር ሲጠይቀው ዕቃውን ብቻ በ90 ዶላር ገዛና፣ «ጋሼ፣ እሑድ ያግዙኝ፤ ሁለት ሰዓት አይፈጅም» አለኝ። ከጧት ሦስት ሰዓት ጀምረን በወዳጁ ጋራዥ ውስጥ መሸብን።

ሥራው ከመሪው በታች ያለውን ፕላስቲክ ከመፍታት ይጀምራል። ከቁልፉ ጀርባ የሚወጡትን ሽቦዎች አንድ በአንድ በቴስተር መለካት አለብህ፤ የትኛው ሁልጊዜ 12 ቮልት እንዳለው፣ የትኛው ቁልፉ ሲዞር ብቻ እንደሚያገኝ፣ የትኛው ወደ ሞተሪኖው እንደሚሄድ። ቢጫ መሸፈኛ ያላቸው የኤርባግ ናቸው፤ እነሱን አይነኩም። ቴስተሩን እኔ ይዤ፣ እሱ ጀርባው ላይ ተኝቶ ቁጥር ስጠራለት ዋልኩ። እውነቱን ለመናገር ያ ቀን ካሳለፍኳቸው የእንግድነት ቀኖች ሁሉ የሚበልጥብኝ ነው።

ከባዱ ቁልፉ ነበር። የዛሬ መኪና የቁልፉን ጥርስ ብቻ አያምንም፤ በቁልፉ እጀታ ውስጥ ያለችውን ቺፕ ካላወቃት ሞተሩን ያጠፋዋል። እሱ መላ አገኘለት፤ ትርፍ ቁልፏን በአንዲት ሳጥን ውስጥ አድርጎ ከክሩስኮቱ ጀርባ ደበቃት። ሽቦዎቹን ጠምዝዞ በናስትሮ ጠቀለለ። ከዚያ ሪሞቱን ሲጫን መኪናዋ ተነሳች፤ እንደ ልጅ ተቃቀፍን። በካርቶኑ ውስጥ አንዲት ትንሽ ማብሪያ ቀርታ ነበር። ከኮፈኖው ሥር የምትገጠም ናት። «ይቺን ሌላ ቀን እናደርጋታለን» አለ። ያለ እሷም ትነሳ የለ?

በሳምንቱ የመስተዋት ማጠቢያው አለቀ። እዚህ ውኃ አይጨመርም፣ ይረጋል፤ የማይረጋ ሰማያዊ ፈሳሽ አለ። ኮፈኖውን ከፍቼ እየቀዳሁ ሳለ የአንገት ልብሴ ጫፍ ወደ ቺንግያው ተንጠልጥሎ ነበር። የእህቴ ባለቤት ደረጃ ላይ ሆኖ ስልኩን ከኪሱ ሊያወጣ ሲጎትት ሪሞቱ ተጫነ። ሞተሩ ከእጄ አንድ ስንዝር ላይ አገሳ። ልብሱን እንዴት እንደሳብኩት አላውቅም። ጠርሙሱ ወድቆ በረዶው ሰማያዊ ሆነ፤ እሱ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ራሱን ያዘ።

በማግስቱ 400 ዶላሩን ይዘን ወደዚያው ገጣሚ ቤት ሄድን። ገጣሚው ባለሙያ አልተሳለቀብንም፤ ብዙውን ሽቦ በትክክል ማግኘታችንን እያደነቀ ነው ናስትሮውን የፈታው። የተጠማዘዘው ሽቦ በመኪናው ንዝረትና በብርዱ እየላላ እንደሚሄድ በጣቱ ሳብ አድርጎ አሳየን። የተደበቀችውን ቁልፍ አውጥቶ በእህቴ ባለቤት መዳፍ ላይ አኖራት፤ ክሩስኮቱን የሚገነጥል ሌባ ሙሉ መኪና ያገኛል ማለት ነው። በምትኩ የመኪናዋን ቋንቋ የሚናገር ትንሽ ዕቃ አስገባ። ከዚያ ሁለት ነገሮች ሠራ። አንዱ ሽቦ ወደ ፍሬኑ ሄደ፤ ቁልፍ የሌለው ሰው ሊነዳት ፍሬኑን ሲረግጥ ሞተሩ ይጠፋል። ሌላው ወደ ኮፈኖዋ ማብሪያ።

400 ዶላሩን የከፈልነው ለእነዚህ ሁለት ሽቦዎች ነው ብዬ አምናለሁ። መኪናን ከሩቅ ማስነሳት አንድ ትዕግሥተኛ ሰው በእሑድ ይሠራዋል፤ ተራ ቁልፍ ያላት አሮጌ መኪና፣ ሞቅ ያለ ጋራዥና ቴስተር ካለው እኔም በርታ እለዋለሁ። መኪናዋ እንዳትነሳ የሚያደርጉት ሽቦዎች ግን ሁልጊዜ ለነገ የሚተዉ ናቸው፤ ባይኖሩም ማንም አይጎድለውም፣ እስከዚያች ቀን ድረስ። ማንዋል መኪና ላይማ ጉዳዩ ይብሳል፤ ማርሽ ውስጥ የቆመች መኪና በሪሞት ከተነሳች ሰው ሳይኖርባት ወደፊት ትዘላለች።

ገጣሚው ሲሸኘን በር በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ሪሞቱን ፈጽሞ እንዳንጫን፣ በረዶ በጣለ ሌሊትም የማርሚታውን አፍ እንድንጠርግ አስጠነቀቀን። በታፈነ ጭስ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም። አሁን ባለቤቷ ከመተኛቱ በፊት አካፋ ይዞ ይወጣል።

ዛሬ ጧት እህቴ እንቁላል በዳቦዋን ጨርሳ ወጣች። እኔና ባለቤቷ ቀን ላይ ማጠቢያውን ልንሞላ ወረድን። ኮፈኖውን ከፈተና ሪሞቱን መዳፌ ላይ አደረገ። «ጋሼ፣ እርስዎ ይጫኑት» አለኝ። ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ሄጄ ተጫንኩት። ደግሜ ተጫንኩት። መኪናዋ ዝም አለች።