ሳይቀምሱ ማጣፈጥ

የአሜሪካኖቹ የምስጋና ቀን፣ ታንክስጊቪንግ፣ ሁልጊዜ የኖቬምበር አራተኛ ሐሙስ ላይ ይውላል። የኛ የነቢያት ጾም ደግሞ ኅዳር 15 ይገባል፤ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 24 ወይም 25 መሆኑ ነው። ስለዚህ አብዛኛውን ዓመት አገሩ በሙሉ ተርኪ ሲጠብስ ጾመኛው ሐበሻ ጾሙን ይዟል። አንዳንዱ ቤት ምስር ወጡን ከተርኪው ጎን ያሰልፋል። አንዳንዱ "እንግዳ ነን፣ እግዜር ያውቃል" ብሎ ይቆርጣል።

እኛ ቤት ነገሩ ትንሽ ይወሳሰባል። ባለቤቴ ሕንዳዊ ነው፤ ወላጆቹ ጉጅራት ውስጥ ካለችው አሕመዳባድ መጥተው ኒው ጀርሲ የከተሙ። እሱ ሥጋ ይበላል። አማቴ ግን ከተወለዱ ጀምሮ ሥጋ፣ ዓሣም ሆነ እንቁላል በአፋቸው ዞሮ አያውቅም። እናቴ ደግሞ ከአዲስ አበባ መጥታ ሜሪላንድ ከኛ ጋር ነው የምትኖረው፤ ጾም አትሽርም። ስለዚህ በዚያ ሐሙስ ሁለቱ አያቶች ከገበታው መሀል የተቀመጠውን ወፍ አይነኩም፤ አንዷ እስከ ገና፣ ሌላዋ ዕድሜ ልካቸውን።

የመጀመሪያው ዓመት ከባድ ነበር። እናቴ የጥብሱን ሽታ ሽሽት መኝታ ቤቷ ገብታ በሯን ዘጋች። አማቴ ሮትሊያቸውን፣ ያችን ስስ ቂጣቸውን፣ ወጥ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ቆመው በሉ። እኛ ደግሞ ሳሎን ተቀምጠን በቅቤ፣ በጨውና በቁንዶ በርበሬ ብቻ የተጠበሰ ደረቅ ሥጋ ስናላምጥ አመሸን። ለምስጋና የተሰበሰበ ቤት ሦስት ቦታ ተከፍሎ በላ።

በሚቀጥለው ዓመት አማቴ የቅመም ሙዳያቸውን ይዘው መጡ። "ሥጋውን አልነካም፤ ቅመሙን ግን ለኔ ተዉልኝ" አሉ።

ቅመሙ ለወፉ እንግዳ አይደለም። ተርኪ የተገኘው ከአሜሪካ ምድር ሆኖ ሳለ እንግሊዞች በቱርክ አገር ስም ጠሩት፤ ቱርኮቹ ራሳቸው ደግሞ "ሂንዲ"፣ የሕንድ፣ ይሉታል። ሕንድ ውስጥም ቢሆን የትናንት እንግዳ አይደለም፤ በ1612 ከጎዋ ተርኪ ተገዝቶ ለንጉሠ ነገሥት ጃሃንጊር ቀርቦለት፣ ንጉሡ ተገርሞ ሠዓሊውን መንሱርን አስሎታል። ሥዕሉ ዛሬ ለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል። የኔ ነው የሚለው ያጣ ወፍ ነው እንግዲህ፤ እኛ ቤት መድረሱም አይገርምም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ተርኪው አምስት ኪሎ ተኩል ገደማ ከሆነ በረዶው እስኪለቅ ፍሪጅ ውስጥ ሦስት ቀን ይፈልጋል። ከዚያ የእናቴ ሥራ ይጀምራል። ዶሮ 12 ብልት ሆኖ ነው የሚያውቃት፣ "ሳይበለት እንዴት ይሠራል?" ማለቷን እስካሁን አልተወችም። ቢሆንም በሎሚና በጨው ታሸዋለች፤ ጨው ቀድሞ መግባቱ ሥጋውን ከመድረቅ ያድነዋል። አማቴ በበኩላቸው እርጎውን በዝንጅብል፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በእርድ፣ በድንብላል፣ በከሙን፣ በሄልና ከማቃጠሉ ይልቅ ማቅላቱ በሚበረታው የካሽሚር በርበሬ ይለውሱታል። እኔ ቆዳውን በጣቴ ከሥጋው አላቅቄ ውህዱን ከሥር እቀባለሁ። ዋናው ምስጢር እሱ ነው፤ እርጎው ከቆዳው በላይ ከቀረ ቶሎ ያርራል። ላዩን ጠርጌ ንጥር ቅቤ እቀባውና አንድ ሌሊት ያድራል። በማግስቱ በ325 ፋራናይት ሦስት ሰዓት ያህል ኦቭን ውስጥ ይቆያል፤ ደረቱ ከጠቆረ ፎይል ጣል ይደረግበታል። የታፋው ውስጥ 165 ሲደርስ ይወጣል፤ ግማሽ ሰዓት ሳያርፍ ቢላ አይነካውም።

ሁለቱ ሴቶች የጋራ ቋንቋ የላቸውም፤ የሚግባቡት በሽታ ነው። አማቴ የደረቀ ቅጠል በመዳፋቸው ፈርከስ አድርገው "ሜቲ" አሉ። እናቴ አሸተተችና "ይሄማ አብሽ ነው!" ብላ ጮኸች፤ እሷ የምታውቀው ፍሬውን እንጂ ቅጠሉን አልነበረም። ነጭ አዝሙዱን ስታሳያቸው "አጅሞ" አሏት። በዚህ ዓይነት ሙዳዩን ሙሉ ሲሸታተቱ አረፈዱ።

ያኔ ነው አንድ ነገር ያስተዋልኩት። ሁለቱም ሳይቀምሱ ማጣፈጥ ያውቁበታል። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ የፋሲካን ዶሮ ወጥ ቅዳሜ ሹር በጾም አፏ ስትሠራ ኖራለች፤ ጨው ማነሱን የምታውቀው በእንፋሎቱ ነው። አማቴም ሥጋ በልተው የማያውቁ ሴት ሥጋ ለሚበላ ልጃቸው ቅመም ሲደቁሱ ኖረዋል።

ስንጋባ እናቴ ጎጆዬ ጾም የማይታወቅበት እንዳይሆን ፈርታ ነበር። አማቴ ደግሞ የልጃቸው ቤት ሥጋ ሥጋ እንዳይሸት። የሁለቱም ፍርሃት ደርሷል፦ በጾም ቀን፣ በልጃቸው ቤት፣ ሙሉ ወፍ ይጠበሳል። ግን ሕጉን የጣሰ የለም፤ በሩን የዘጋም የለም። አሁን አማቴ የሚሠሩትን የምስር ዳል በጊ አይቆሉትም፤ ለእናቴ ሲሉ በዘይት ነው። እናቴም የአማቴን ሽሮ የምትሠራበት ድስት ሥጋ ነክቶት አያውቅም፤ ከመርካቶ አስልካ ያስመጣችው ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ዳሉንም ሽሮውንም በእንጀራ ይበላሉ፤ እኛ ደግሞ ከፊታቸው ተርኪያችንን።

አምና የአሥር ዓመቷ ልጄ እናቴን "የማትበዪውን ለምን ትሠሪያለሽ?" ብላ ጠየቀቻት።

"ለሚበላው ነዋ" አለች እናቴ። ጥያቄው ራሱ ገርሟት ነበር።

ከበዓሉ በኋላ እናቴ አንዱን እግር በፎይል ጠቅልላ ፍሪዘር ውስጥ ከታ፣ ማንም እንዳይነካው አስጠነቀቀች። ታኅሣሥ 29 ጠዋት ከቅዳሴ ተመልሳ፣ ዶሮ ወጧን ከበላች በኋላ አስሞቀችውና ቀመሰችው። ቀስ ብላ አላመጠች። ኒው ጀርሲ ስልክ አስደወለችኝና አማቴ ሲያነሱ እንዲህ በዪልኝ አለች፦

"ቅመሙ ግሩም ነው። ወፉ ግን ዶሮ አይሆንም።"