ቢቸና ከሞጣ፦ የገና ድፎ

ታኅሣሥ 20 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ቢቸና

ነገሩ የተጀመረው በስልክ ነው። የወንድሜ ሚስት የሞጣ ልጅ ናት። ዛሬ ደውላ ከእናቴ ጋር ደህና ሲጫወቱ ቆይተው መጨረሻ ላይ፣ «እማማ፣ ለገና ስንመጣ ድፎውን ለኔ ይተዉልኝ፤ እርስዎ ይረፉ» አለቻት። በቅንነት ያለችው ይመስለኛል። እናቴ ግን «ይረፉ» የምትለዋን ቃል ይዛ ቀረች።

«እኔ በቁሜ? ትምጣ፣ እንተያያለን!»

አባቴ ደግሞ እሳቱን አራገበው። ቢቸናም ሞጣም በድሮው አስተዳደር እየራሳቸው አውራጃ ነበሩ፤ እሱ ዛሬም የሚያስበው በአውራጃ ነው። «ሞጣ አውራጃ ቢቸና አውራጃን ሊገጥም ነው» እያለ ለጎረቤት ሁሉ አወራ። እኔም እገባለሁ ብዬ ተመዘገብኩ። ሳቁብኝ።

ታኅሣሥ 26፣ ዓርብ

ሞጣዎች በደብረ ወርቅ በኩል አድርገው ከቀትር በኋላ ገቡ። ምራታችን የስንዴ ዱቄቷን ሳይቀር ይዛ መጥታለች። እናቴ ዱቄቱን በጣቶቿ አሸት አሸት አድርጋ «ደህና ነው» አለች። ከእሷ አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው።

ከአዲስ አበባ የመጣችው የእህቴ ልጅ ኬክ ልትሠራ ነው፤ ጤፍ ልቀላቅልበት ወይ ብላ ጠየቀች። የወረዳችን የእነማይ ነጭ ጤፍ ስሙ የታወቀ ነው፤ በእንጀራ ማንም አያማንም። ዳቦ ግን ሌላ ነው። የስንዴ ሊጥ እየተለጠጠ አየሩን ይዞ ያብጣል፤ ጤፍ ያ መለጠጥ የለውም። አያትየዋ ይህን ሁሉ በአንድ ቃል ጨረሰችው፦ «ቂጣ ነው የሚወጣሽ።»

ማታ ከጓሮ ኮባ ቆረጥን። ጉራጌና ሲዳማ ቆጮና ቡላ የሚያደርጉትን እንሰት እኛ የምንተክለው ለቅጠሉ ብቻ ነው፤ ሥሩን የሚነካው የለም። ቅጠሉ እንዳይሰነጠቅ እሳት ላይ ለብለብ ይደረጋል። አረንጓዴው ጠቆር ብሎ ሲለሰልስና ያ ሽታው ሲነሣ፣ በዓሉ ለኔ ያን ጊዜ ገባ።

ታኅሣሥ 27

ውርጭ ነው፤ ሊጥ በዚህ ብርድ ቶሎ ኩፍ አይልም። እናቴ ካለፈው ሊጥ ያስቀረችውን እርሾ አወጣች፤ ምራቷ የፓኬቱን። ማታ ጋቢዬን ፈልጌ አጣሁት። ሊጡ ለብሶታል።

ታኅሣሥ 28፣ እሑድ

የጋገራ ቀን። የጾሙ የመጨረሻ ቀን ስለሆነ ኬኩ እንቁላልም ወተትም አልገባበትም፤ ልጅቷ በዘይትና በሎሚ ተጣጣረች። የኔ አምባሻ ግን ገና ከጠዋቱ አልቆለታል። እርሾው ቶሎ ይነሣልኝ ብዬ ከፈላ ውኃ ጋር አዋሃድኩት። እርሾ ሕይወት ያለው ነገር መሆኑን የሰማሁት ከገደልኩት በኋላ ነው። ሊጡ እንዳስቀመጥኩት ቁጭ አለ። ቢሆንም ጋገርኩት፤ ከውድድር መውጣት አልፈለግሁም።

እናቴ ጭስ ቤት፣ ምራቷ ሳሎን አጠገብ በኤሌክትሪክ ምጣድ። የጭስ ቤቱን ቆሜ አየሁ። ሸክላው ምጣድ ላይ ኮባ ተነጠፈ፤ ሊጡ ጥቁር አዝሙድና ድንብላሉን እንደያዘ ተገለበጠ፤ ጫፍና ጫፉ ታጠፈበት፤ ከላይ ሌላ ኮባ፣ በላዩ የብረት ክዳን፣ በክዳኑ ላይ ፍም። ከዚያ ወዲያ ሥራው የጆሮና የአፍንጫ ነው። እናቴ ሰዓት አታይም፤ ሽታው ሲለወጥ ከላይ ፍም ትቀንሳለች፣ ከታች እንጨት ትስባለች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። የሞጣው ድፎ ግማሽ መንገድ ላይ ነው፤ ታቹ በስሏል፣ መሀሉ ሊጥ። ምራታችን ራሷን ይዛ ቆመች። አባቴ ውድድሩ አለቀ ብሎ ሊያውጅ አፉን ሲከፍት እናቴ ከጭስ ቤት ተጣራች።

«ምን ትቆሚያለሽ? አምጪው እንጂ! የኔው ደርሷል።»

አራት እጅ ሆነን ከነኮባው አሻገርነው። እናቴ ፍሙን አስተካክላ ስታበቃ፣ «እኔ ምጣድ ላይ በስሎ ካሸነፈ ግማሹ የኔ ነው» አለች። ስትቀልድ አልነበረም።

ሁለቱም በነጠላ ተጠቅልለው አደሩ። ጾም ነውና አንድም ሰው አልቀመሰም። ቤቱ እንዲያ እየሸተተ ተነሥቶ ለሌሊት ቅዳሴ መሄድ ቀላል ፈተና አይደለም።

ታኅሣሥ 29፣ ሰኞ፣ ገና

ከቤተ ክርስቲያን ተመለስን። ዶሮው ቀረበ፤ አባቴ ባርኮ ሁለቱንም ቆረሰ። የእናቴ ድፎ ቡናማ፣ የኮባው ደም ሥር ጀርባው ላይ ቁልጭ ብሎ የታተመበት፣ ውስጡ ጥብቅ ያለ፤ ጎምዘዝ የምትል ጣዕም አለችው። የምራቷ ውስጡ ስፖንጅ፣ ታቹ ሁለት እሳት ስላየ ጠቆር ብሎ ካካ የሚል። አባቴ ከሁለቱም ሁለት ሁለት ጊዜ ቆርሶ፣ አላምጦ፣ «ሁለቱም ደህና ነው» አለ። ዐርባ ዓመት በትዳር የኖረ ዳኛ ከዚህ ሌላ ምን ይፈርዳል?

የኔን ድምፅ እዚህ ልጻፈው፤ ማታ ጮክ ብዬ አላልኩትም። የሞጣው አሸንፏል፤ ያሸነፈውም በዚያች በጠቆረችው ታቹ ነው። ለዶሮ ወጥ ግን የእናቴ ይሻላል፤ መረቁን ይዞ አይፈርስም። ልጆቹ ሁለቱንም ትተው ኬኩን ጨረሱ።

ታኅሣሥ 30

ለጥምቀት ሞጣ ነን። እናቴ ኮባውን ከራሷ ጓሮ ቆርጣ ልትወስድ ነው፤ ምራቷ እዚያም ኮባ አለ ብትላትም አልሰማችም።

ሰፌዱ ላይ የተረፈው የኔ አምባሻ ብቻ ነው። ጠዋት በሙቀጫ ተሰባብሮ ከበዓሉ ለተረፉት ሁለት ዶሮዎች ተበተነ።