ኤሲው ያጋለጠው ሞተር

አዲስ አበባ ውስጥ መኪናችን አንድም ቀን አስቸግራን አታውቅም ነበር። እ.ኤ.አ. የ2004 ስሪት ኮሮላ፣ ባለ አራት ሲሊንደር፣ ማኑዋል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ባለ ከተማ ኤሲ የሚያስፈልገው ሰው ጥቂት ነው፤ መስኮት ዝቅ ማድረግ ይበቃል። በሚያዝያ ወደ ድሬዳዋ ስንወርድ ግን በሰቃ ሐይቅን አልፈን መተሐራ ስንደርስ እናቴ ሙቀቱ አስጨነቃትና ኤሲውን አበራነው። ስንሄድ ደህና ነው። ኬላ ላይ ቆመን፣ ነዳጅ ሳይረገጥ ሚኒሞ ላይ ስትሆን መሪው እጄ ላይ ይንዘፈዘፋል፣ ክሩስኮቶው ይንጫጫል፣ የአርፒኤሙ ቀስት ከ700 አካባቢ ወደ 500 ይወርድና ሞተሩ ይጠፋል። ኤሲውን ስዘጋው ይረጋጋል።

ስንመለስ አንድ ጋራዥ ኮፈኑን እንደከፈተ “ኮምፕረሰሩ ከብዶታል፣ ይለወጥ” አለን። የተጠራው ዋጋ የቤተሰቡን የወራት ቁጠባ የሚበላ ነበር። ታላቅ ወንድሜ “ቆይ” ብሎ አዳማ ወደሚያውቃቸው አንድ አንጋፋ መካኒክ ወሰደኝ።

ጋሼ ምንም ሳይነኩ ቆመው አዳመጡ። “ኤሲውን አብራ።” የኮምፕረሰሩ ክላች ቀጭ ብሎ ያዘ፤ ሞተሩ ወረደ። መጀመሪያ ያዩት ቬንትሌተሩን ነው፤ እሱ ካልዞረ የጋዙ ግፊት ይጨምርና ኮምፕረሰሩ በእርግጥም ይከብዳል። ይዞራል። “ኤሲውን አጥፋው። አሁን መሪውን እስከ ጥጉ አዙር።” ሞተሩ እንደገና ወረደ።

“አየህ ልጄ፣ መሪው ኮምፕረሰር የለውም” አሉኝ።

ሚኒሞ ላይ ያለ ሞተር የሚወስደው አየርና ቤንዚን ራሱን ለማዞር ያህል ብቻ ነው። ሸክም ሲመጣበት ኮምፒውተሩ ተጨማሪ አየር መልቀቅ አለበት፤ የአየሩ መንገድ ከተደፈነ ግን አይችልም። የአየር ቱቦውን ፈቱ፤ ነጭ ጨርቅ ጣታቸው ላይ ጠቅልለው የስሮትሉን ክዳን ጠርዝ ሲጠርጉት ዘይት የነካው ጥቁር ጥላሸት ይዞ ወጣ። ስሮትሉንና የሚኒሞውን ቫልቭ በማጽጃ ስፕሬይ አጥበው ገጠሙ፤ ኮምፒውተሩ አዲሱን የአየር መጠን እስኪለምድም ሞተሩን ሳያጠፉ ተውት። መሪው ሲዞር መውረዱ ቀረ። ኤሲው ሲበራ ግን አሁንም አልፎ አልፎ ደንገጥ ትላለች።

እዚህ ላይ “ተሽሏታል” ብሎ ማስረከብ ይቻል ነበር። ጋሼ ግን ረዳታቸውን ጠርተው፣ ኤሲው እንደበራ የኮይሎቹን ሶኬት አንድ በአንድ እንዲነቅል አዘዙት። አንደኛው፣ ሁለተኛውና አራተኛው ሲነቀሉ ሞተሩ ተንገዳገደ፤ ሦስተኛው ሲነቀል ግን ብዙም ለውጥ የለም። ልጁ ኮይል ሊገዛ ሲነሳ “ቁጭ በል” አሉት። የሦስተኛውን ኮይል ከሁለተኛው ጋር አለዋወጡና በድጋሚ አስነቀሉ። አሁን የደከመው ሁለተኛው ሆነ። “ጥፋቱ ኮይሉን ተከትሎ ከሄደ ጥፋተኛው ኮይሉ ነው። እዚያው ቢቀር ኖሮ ካንዴላውን፣ ኢንጀክተሩን፣ ከዚያ ኮምፕሬሽኑን ታይ ነበር።”

ለምን ኤሲ ሲበራ ብቻ እንደሚታይ ጠየቅኳቸው። ሸክም ሲጨምር ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው አየር ይበዛል፤ በዚያ ውስጥ ብልጭታ ለማዝለል ከፍ ያለ ቮልቴጅ ያስፈልጋል። የደከመ ኮይል ቀላሉን ይወጣዋል፣ ከባዱ ላይ ይከዳል።

የተለወጠው አንድ ኮይል ነው። ኤሲው እንደበራ ሞተሩ ጸጥ ብሎ ዞረ፤ ሊጣል የነበረው ኮምፕረሰር እስከ ዛሬ ይሠራል።

ከዚያ ወዲህ ጋራዥ ስገባ ስለ ዋጋው ከመነጋገሬ በፊት “እንዴት አወቃችሁ?” እላለሁ። ያ ረዳት ያየውን ሙያውን የሚለምድ ወጣት ሁሉ ቢያይ እመኛለሁ፤ ዕቃ እንደ እሳት በሚወደድበት አገር ግምት በሰው ኪስ አይሞከርም።