የሁሉም የተባለ ደን

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ የሚጓዝ ሰው በመንገዱ ግራና ቀኝ ሦስት ዓይነት ዛፍ ያያል። አንዱ በቤተ ክርስቲያን አጸድ የቆመው ወይራና ጽድ ነው። ሁለተኛው ገበሬው በማሳው ዳር የተከለው ባሕር ዛፍ ነው። ሦስተኛው በየተራራው ጥግ የቀረው የጋራ ቁጥቋጦ ነው። ሁለቱ ቆመዋል፤ ሦስተኛው እየሳሳ ሄዷል።

ይህ የገበሬው አለማወቅ አይደለም። የደብሩን ወይራ የማይነካው፣ የጎረቤቱን ባሕር ዛፍ የማይደፍረው ያው ገበሬ ነው። የደብሩን ዛፍ ግዝት ይጠብቀዋል። የባሕር ዛፉ ባለቤት የይዞታ ደብተር በእጁ አለ። የተራራው ቁጥቋጦ ግን "የሁሉም ነው" ይባላል። አንዱ ቢተወው ሌላው ይቆርጠዋል፤ ስለዚህ መቅደም ብልህነት ይሆናል።

የጋራ የሆነ ሁሉ ይጠፋል ማለት ግን አይደለም። በመንዝ ጓሳ ነዋሪው በቄሮ ሥርዓት ሣሩን እየዘጋና እየከፈተ ለዘመናት ጠብቆታል። ሥርዓቱ የፈረሰው ከ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ በኋላ ነው። ጓሳ ዛሬም በነዋሪው ጥበቃ ሥር ነው።

ሕጉም ዘግይቶ ገብቶታል። የ1999ኙ የደን አዋጅ የሚያውቀው የመንግሥትንና የግል ደንን ብቻ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የማኅበረሰብ ደንንም ጨመረ። አሠራሩም አዲስ አይደለም፤ በቦንጋና በጭሊሞ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ተሞክሯል። ድንበር ይከለላል፣ ተጠቃሚው ይመዘገባል፣ መተዳደሪያ ደንብ ይወጣል፣ ከወረዳው ጋር ውል ይፈረማል። የሚጠብቀው ሰው ሣሩን፣ ማሩንና የደረቀውን እንጨት ያገኛል።

"ለሕዝብ ከተሰጠ ያልቃል" የሚሉ አሉ። በመንግሥት ስም ሲያዝስ መቼ ተረፈ? የሚያሰጋው ሌላ ነው፤ ስም ዝርዝሩ ላይ ማን ይገባል? ማገዶ ተሸክማ ከተማ የምትሸጠው ሴት ከመዝገቡ ከቀረች ውሉ የባለ በሬዎች ውል ይሆናል። እሷም ልጆቿን ማብላት ስላለባት በሌሊት መቁረጧ አይቀርም።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተነግሯል። መትከሉ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ መጠበቁ የዓመታት። ጸጥታ በደፈረሰበት፣ ባለሙያው ወደ ቀበሌ መውረድ ባልቻለበት በዚህ ጊዜ ደግሞ ለተራራው የቀረው የጎረቤት ዓይን ብቻ ነው። ያ ጎረቤት "የኔ ነው" የሚልበት ወረቀት ይገባዋል።